አዲስ የዋርድ ኃላፊ ስትሆኚ፦ የባልደረቦችሽን የቀዘቀዘ የሥራ ስሜት በሦስት ወር ለማነሳሳት

ድሬዳዋ ውስጥ በነርስነት ሃያ ዓመት ግድም ሠርቻለሁ፤ ዘጠኙን በዋርድ (በሕመምተኞች መኝታ ክፍል) ኃላፊነት። ይህን የምጽፈው ትናንት የሹመት ደብዳቤ ለደረሳት፣ ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት የተረኞች ርክክብ ላይ ስትቆም ግማሹ ባልደረባዋ አንገቱን ደፍቶ፣ ግማሹ ገና መንገድ ላይ ሆኖ ለጠበቃት እህቴ ነው። ስለዚህ «አንቺ» እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ድሬ አንቱታ አታበዛም። ወንድሜም የራሱ አድርጎ ያንብበው።

በየግምገማው «ሥነ ምግባር የጎደለው»፣ «የሥራ ፍላጎት የሌለው» ሲባል ሰምተን አድገናል። እኔም ብዬዋለሁ፣ ጽፌዋለሁም። ዛሬ የማምነው ሌላ ነው፦ የባለሙያ የሥራ ስሜት አብዛኛው የሚበጀውም የሚበላሸውም በዋርዱ አሠራር ነው። የተረኝነት ፕሮግራሙ እንዴት እንደሚወጣ፣ ስልጠና ማን እንደሚላክ፣ የዲዩቲ (የተጨማሪ ሰዓት ተረኝነት) ክፍያ ወረቀት የማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያድር፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ግሎቭ መኖር አለመኖሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ በአንቺ እጅ ናቸው።

ደረጃ 1፦ ሁለት ሳምንት ምንም ሳትቀይሪ መዝግቢ

አዲስ ኃላፊ ብዙ ጊዜ የምትጀምረው ስብሰባ በመጥራት ነው። ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ግን ሁልጊዜ የሚናገሩት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ የቀረው «ደግሞ ሌላ መጣች» እያለ ያዳምጣል። ስብሰባውን ተይውና ኪስ የምትገባ ደብተር ያዢ። የሰው ስም አትጻፊባት። የምትጽፊው ሥራ የቆመበትን ቅጽበት ነው፦ ሰዓቱን፣ የጎደለውን፣ የፈጀውን ደቂቃ። «4፡10፣ የደም ግፊት መለኪያ ከጎን ዋርድ ለመዋስ፣ 12 ደቂቃ።» «ሌሊት 7፡30፣ ውሃ ተቋርጦ በባልዲ ለማመላለስ፣ 25 ደቂቃ።» «ካርድ ጠፍቶ፣ 40 ደቂቃ።»

በሁለት ሳምንት ሃምሳ ስልሳ መስመር ይሞላል። ስትደምሪው አብዛኛው ከሦስት ወይም ከአራት ምክንያት እንደሚመጣ ታያለሽ። ሰው «ሥራው ሰለቸኝ» ሲልሽ ብዙ ጊዜ የሰለቸው ይሄ ፍለጋ ነው፤ የተማረውን ለመሥራት የመጣ ሰው ቀኑን ሲዋስና ሲለምን ሲውል ሙያው ራሱ ያስጠላዋል።

እዚህ ከተማ ላይ አንድ ነገር ለይተሽ ቁጠሪ፦ አስተርጓሚ። ከሽንሌ በኩል የመጣችው እናት የምትናገረው ሶማሊኛ ነው፤ ከሐረርጌ ገጠር የመጣው አባት ኦሮምኛ። ከሌላ ክልል የተመደበ ወጣት ነርስ በሁለቱም መሐል ይቆማል። ታዲያ ማን ያስተረጉማል? አብዛኛውን ጊዜ የፅዳት ሠራተኛዋ። መጥረጊያዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ መጥታ «ከመቼ ጀምሮ ነው ያመማት?» የሚለውን ትጠይቃለች፤ መድኃኒቱን በቀን ስንት ጊዜ እንደምትወስድ ታስረዳለች፤ ከዚያ ተመልሳ ወለሉን ትጠርጋለች። ወለሉ ዘግይቶ ሲጠረግ ትወቀሳለች። ማስተርጎሟ በየትኛውም የሥራ አፈጻጸም ቅጽ ላይ አይሰፍርም። ይህን በደብተርሽ ከቆጠርሽ በሁለት ሳምንት ውስጥ ስንት ሕመምተኛ በእሷ አንደበት እንደታከመ ትደርሺበታለሽ፤ ቁጥሩን ይዘሽ ብትሄጂ ምዘናዋ ላይ የምታስጽፊው ነገር አለሽ።

ደረጃ 2፦ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው አነጋግሪ

ሃያ ደቂቃ ለአንድ ሰው ይበቃል። ቢሮ ውስጥ አይሁን፤ ቢሮ የተጠራ ሰው ምን አጠፋሁ ብሎ ነው የሚገባው። ግቢው ውስጥ የኒም ጥላ ካለ እዚያ፣ ሻሂ ይዛችሁ። ከምሳ በኋላ ያለውን ሙቀት ተዪው። የስድስት ወር ውጤት የሚሞላበትን ሰሞን ደግሞ ፈጽሞ ራቂ፤ ያኔ የምትሰሚው የነጥብ ንግግር ነው። ፖርተሩን (ሕመምተኛ የሚያመላልሰውን)፣ ራነሩን (ወረቀትና ናሙና የሚያደርሰውን)፣ ፅዳቷን፣ ዘበኛውን አትዝለይ። በሚቀናቸው ቋንቋ ይናገሩ፤ ካልቻልሽ የሚያምኑትን ሰው ራሳቸው ይምረጡ።

አራት ጥያቄ ይበቃሻል።

«ባለፈው ወር ከሥራ ስትወጪ ዛሬስ ጥሩ ሠራሁ ያልሽበት ቀን የትኛው ነው? ምን ሆኖ ነበር?»
«በንዴት ወደ ቤትሽ የሄድሽበትስ?»
«ተምረሽው ሳለ እዚህ የማትሠሪው ነገር ምን አለ?»
«እኔ በአቅሜ ነገ ጠዋት ማስተካከል የምችለው አንድ ነገር ቢኖር ምንድን ነው?»

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከእኔ የፈለቁ አይደሉም። ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር ፒትስበርግ አካባቢ 200 ያህል መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን የጠየቀው በዚሁ መንገድ ነበር፤ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1959 አወጣ። «ሥራህን ትወዳለህ?» ብለሽ ብትጠይቂ ሰው ጨዋ መልስ ይሰጥሻል። አንድን ቀን እንዲያስታውስ ስታደርጊው ግን ታሪኩን ይነግርሻል፤ ምክንያቱም ከታሪኩ ውስጥ ይወጣል።

ይህን ጥያቄ ዘግይቼ በመጠየቄ የሚቆጨኝ ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉንያ ድሬን ሲያጥለቀልቃት፣ የታመመው ሰው በአሥር ሺዎች ሲቆጠር፣ ባለሙያውም አብሮ ታሞ ነበር። መገጣጠሚያ የሚይዝ በሽታ ነው፤ ሲሪንጅ መጨበጥ እያቃታቸው የገቡ ነርሶችን አይቻለሁ። ወረርሽኙ ሲበርድ በሥራው ተሳትፈው ክፍያ የሚያገኙ ሰዎች ስም ዝርዝር ተጠየቀና እኔ ጻፍኩ። ከዓመት በኋላ አንዲት ጎበዝ የነበረች ነርስ ተረኝነቷን ጨርሳ አንድ ደቂቃ እንኳ የማትጨምር፣ ተማሪ ለማስተማር የማትፈቅድ ሆነች። «ተበላሸች» ብዬ ማስጠንቀቂያ ልጽፍላት ነበር። ስንቀመጥ ነገረችኝ። ጉልበቷን ይዛ እያነከሰች ገብታ ስትሠራ ከርማ፣ በመጨረሻ ራሷ የተኛችበት ሳምንት ላይ ነው ዝርዝሩን የጻፍኩት፤ ስሟ የለም። ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አልወጣትም፤ ደጋግማ ያነሳችው ስሟን ነው። ዓመት ሙሉ በጠባይዋ ስፈርድባት የከረምኩት እኔው በጻፍኩት ወረቀት ምክንያት ነበር።

ስለዚህ ስትሰሚ አትከራከሪ፣ አታስረጂ፣ «እሱማ በጀት ስለሌለ ነው» አትበይ። ጻፊ። በመጨረሻ የጻፍሽውን አንብቢላትና «እንዲህ ነው ያልሽኝ?» በያት።

ደረጃ 3፦ ስም የሌለበት መጠይቅ

ፊት ለፊት የማይነገር ነገር ስላለ አንድ ገጽ ወረቀት አባዢ። ስምንት ዓረፍተ ነገር፣ ከ1 (በፍጹም አልስማማም) እስከ 5 (በጣም እስማማለሁ)። የእኔዎቹ እነዚህ ነበሩ፦ ከእኔ የሚጠበቀው ሥራ ግልጽ ነው። ሥራዬን ለመሥራት የሚያስፈልገኝ ዕቃ በእጄ አለ። የተረኝነት ድልድሉ ፍትሐዊ ነው። ስልጠና በተራ ይሰጣል። ጥሩ ስሠራ የሚያይልኝ አለ። ስሳሳት ሳልዋረድ እታረማለሁ። በዚህ ዓመት አዲስ የሙያ ችሎታ አግኝቻለሁ። ከአንድ ዓመት በኋላም እዚሁ መሥራት እፈልጋለሁ።

ምልክት ብቻ ይደረግበት፤ የእጅ ጽሑፍ ሰውን ያጋልጣል። ካርቶን ታሽጎ ቀዳዳ ይበጅለትና ሦስት ቀን ይቀመጥ። ከአንድ ሙያ ያሉት ከአምስት ሰው ካነሱ ሙያቸውን አትጠይቂ፤ ሁለት አዋላጅ ነርስ ባሉበት «አዋላጅ» ብሎ መሙላት ስም ከመጻፍ አይለይም። ስትቆጥሪ አማካይ ብቻ አትውሰጂ። ከአሥራ ሁለት ሰው ስድስቱ 5፣ ስድስቱ 1 ቢሞሉ አማካዩ 3 ይሆንና ደህና ይመስልሻል፤ ዋርዱ ግን ለሁለት ተከፍሏል። በእያንዳንዱ ጥያቄ 1 እና 2 የሞሉት ስንት እንደሆኑ ቁጠሪ።

ደረጃ 4፦ ሦስት ዓምድ አስምሪ

የሰበሰብሽውን ሁሉ «የእኛ»፣ «የማኔጅመንት»፣ «የመንግሥት» ብለሽ ክፈይው። ፕሮግራም የእኛ ነው። የውሃ ታንከርና የደም ግፊት መለኪያ የማኔጅመንት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከተቋሙ የውስጥ ገቢ ሊፈቀድ ይችላል። ደመወዝ የመንግሥት ነው።

ስለ ደመወዝ እውነቱን ተናገሪ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. በአገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ሥራ እስከ ማቆም የደረሱት በኑሮ ጥያቄ ነው፤ ይህን የማያውቅ ባልደረባ የለሽም። የቤት ኪራይ ያንገበገበውን ሰው «ሙያው እኮ ክቡር ነው» ብትዪው ዳግመኛ አያዋይሽም። «ጥያቄህ ትክክል ነው፤ እኔ ልጨምርልህ አልችልም፤ የዲዩቲህ ወረቀት ግን አንድ ቀን እንኳ በእኔ ምክንያት አያድርም» በዪው። ከዚያ ቃልሽን ጠብቂ፦ የሰዓት መቆጣጠሪያውን ወር በገባ በሁለተኛው ቀን ፈርመሽ ላኪ፣ የላክሽበትን ቀንና የተቀበለውን ክፍል ግድግዳ ላይ ለጥፊ። ክፍያው ቢዘገይ እንኳ የት እንደቆመ ሁሉም ያያል።

ኸርዝበርግ ደመወዝ፣ የሥራ ቦታ ሁኔታና ቁጥጥር ሲጎድሉ ሰውን ያስከፋሉ፣ ሲሟሉ ግን በራሳቸው አያነሳሱም፤ የሚያነሳሳው ውጤት፣ ዕውቅና፣ ኃላፊነትና ዕድገት ነው ይላል። ሁለተኛውን ግማሽ በዓይኔ አይቻለሁ። የመጀመሪያውን ግን እዚህ አገር ላይ በጥንቃቄ ነው የምወስደው፤ ወር ሳይሞላ ደመወዙ የሚያልቅበት ሰው ዕውቅና ስትሰጪው ደስ ብሎት፣ ማታ ደግሞ የግል ክሊኒክ ተጨማሪ ሥራ ሄዶ ደክሞ ይመጣል። ሁለቱንም አብረሽ ያዢ።

ደረጃ 5፦ ፕሮግራሙን አስተካክዪ

አንድ ነገር ብቻ የማድረግ አቅም ቢኖርሽ ይህን አድርጊ።

የሚቀጥለው ወር ፕሮግራም በ20ኛው ቀን ይለጠፍ። ልጅ ያላት፣ የማታ ትምህርት የሚማር፣ ከመልካ ጀብዱ የሚመላለስ ሰው ሕይወቱን የሚያቅደው በእሱ ነው። ከፕሮግራሙ ሥር ሁለተኛ ሠንጠረዥ ለጥፊ፦ በዚህ ዓመት እያንዳንዱ ሰው ስንት ሌሊት፣ ስንት ቅዳሜና እሑድ፣ ስንት በዓል እንደገባ። ስምሽም ይኑርበት። ሐሜት አብዛኛው ያን ቀን ይቆማል፤ ካልቆመም ሐሜቱ ልክ ነበር ማለት ነውና ቁጥሩን አስተካክዪ።

ተረኝነት ሲዞር ከጠዋት ወደ ከሰዓት፣ ከዚያ ወደ ሌሊት ይሂድ። ሰውነት ወደፊት መግፋትን ወደኋላ ከመመለስ ይልቅ ይችለዋል። ከሦስት ተከታታይ ሌሊት በላይ አትመድቢ፤ ከሌሊት የወጣ ሰው ደግሞ በዚያው ቀን ለስብሰባ አይጠራ።

በዓላትን በተመለከተ ድሬ የታደለች ናት። ለኢድ ክርስቲያኑ፣ ለፋሲካ ሌሊት ሙስሊሙ ገብቶ ሲሸፋፈን ኖሯል። ይህን ውለታ ግን በፕሮግራም ላይ አስፍሪው። በቃል ሲቀር ሁልጊዜ እሺ የምትለው አንዲት ደግ ሴት ላይ ይወድቃል፤ በዓመቱ መጨረሻ የሦስት ሰው በዓል ተሸክማ ታገኛታለሽ። በረመዳን ለማፍጠሪያ ሃያ ደቂቃ የሚሸፍነው ማን እንደሆነ በስም ይጻፍ፤ የጾመ ሰው ቴምሩን በሩጫ እንዳይውጥ።

ሙቀቱንም በሥራ ድልድሉ ውስጥ አስገቢው። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከቀትር በኋላ ዋርዱ ምን እንደሚመስል ታውቂዋለሽ። ገላ ማጠብ፣ ቁስል ማጽዳት፣ አልጋ መቀየር ከጠዋቱ 5 ሰዓት በፊት ይለቅ፤ የሪፖርትና የመዝገብ ሥራ ወደ ከሰዓት ይዙር። ሐረር ያላችሁ ወጣ ብላችሁ ወይና ደጋ ላይ ስላላችሁ ይህን አንቀጽ እለፉት።

ለመቀያየር የሚፈልጉ ሰዎች ሁለቱም የሚፈርሙበት ደብተር ይኑር። አንቺ የምትገቢው አንድ ክፍል ልምድ ያለው ሰው የማይኖርበት ከሆነ ብቻ ነው።

ደረጃ 6፦ የስልጠና ተራ

ከደመወዝ ቀጥሎ ሰውን ከሥራው የሚያጣላው ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ። ደብዳቤ ይመጣል፦ «እስከ ዛሬ 9 ሰዓት የአንድ ሠልጣኝ ስም ላኩ።» በጥድፊያ ውስጥ የሚላከው በቅርብ የተገኘው ወይም አምና የሄደው ይሆናል። ፐርዲየሙ (የቀን አበሉ) አለ፣ የምስክር ወረቀቱ አለ፤ የሙያ ፈቃድ እድሳት ከተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ስልጠና ጋር ከተያያዘ ወዲህ ደግሞ ስልጠና የእንጀራ ጉዳይ ሆኗል። ከሌሊት ተረኝነት ወጥቶ የተኛው ሰው ስልጠናውን የሚሰማው ሠልጣኙ ሲመለስ ነው።

መፍትሔው ዝርዝሩ ከደብዳቤው በፊት መዘጋጀቱ ነው። ዛሬ ሠንጠረዥ አስምሪ፦ ስም፣ የመጨረሻ ስልጠና፣ ቀን፣ ቀጥሎ የሚያስፈልገው። ሕጉን ከባልደረቦችሽ ጋር አውጥታችሁ ከላይ ጻፉት። የእኛ ሦስት ነበር፦ ምንም ያልሄደ ይቀድማል፤ ስልጠናው ከሚሠራበት ክፍል ጋር መገናኘት አለበት፤ የሄደ ሰው በተመለሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ አንድ ሰዓት ለዋርዱ ያስተምራል። ሦስተኛው የማይፈጸም ከሆነ ተራው ሲደርስ ይዘለላል። ከላይ ስም ተጠቅሶ ቢመጣብሽ፣ ተቀበዪውና በሠንጠረዡ ላይ «በስም የተጠየቀ» ብለሽ መዝግቢ። ስድስት ወር ሲሞላው ማን እንደሚጠራ ወረቀቱ ራሱ ይናገራል።

ደጅ የማያስወጣ ዕድገትም አለ። በሁለተኛው ደረጃ «ተምሬው አልሠራውም» ያሉሽን አስታውሺ። ጨቅላ ሕፃን ማነቃቃት የሠለጠነች ነርስ ካርድ ስትሞላ ከዋለች ችሎታውም ፍላጎቱም አብሮ ይሄዳል። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ወደ ክፍሉ መድቢያት።

ደረጃ 7፦ የድካማቸውን ፍጻሜ አሳዪያቸው

ሌሊት ሙሉ ስትታገልላት ያደረችው ሕመምተኛ ከሁለት ቀን በኋላ ድና ስትወጣ ነርሷ እረፍት ላይ ናት። የሞተውን ግን ሁሉም ይሰማል። ስለዚህ ሰኞ ርክክብ ላይ ሦስት ደቂቃ ለወጡት ስጪ፤ ማን እንደገባ፣ ማን ምን እንዳደረገለት፣ መቼ በእግሩ እንደሄደ። ስታመሰግኚ ሥራውን ጥሪው፦ «የመንታዋን እናት ግፊት በየ15 ደቂቃው ለክተሽ ሐኪም የጠራሽው አንቺ ነሽ።» «ሁላችሁም ጎበዞች ናችሁ» ማንንም አይነካም። ስህተት ከሆነ ለብቻ፣ በዚያው ቀን፣ አስታማሚ በሌለበት።

ደረጃ 8፦ የደከመውን ከነደደው ለዪ

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ክርስቲና ማስላክና ሱዛን ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት መለኪያ የሥራ መቃጠል ሦስት ገጽታ አለው፦ ስሜት መሟጠጥ፣ ሰውን እንደ ዕቃ ማየት፣ «ምንም አልፈየድኩም» የሚል ስሜት። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2019 በበሽታዎች ምደባው ውስጥ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ አስፍሮታል፤ በሽታ አላለውም። የደከመ ሰው ሁለት ቀን ሲያርፍ ይመለሳል። የነደደው፣ ማለትም በሥራ የተቃጠለው፣ ከዓመት ፈቃድ ሲመለስ በሁለተኛው ቀን እንደነበረ ይሆናል። ዋርድ ውስጥ የምታይው ምልክት ይህ ነው፦ ቀድሞ «የእኔ እናት» እያለች ትጠራ የነበረች ነርስ «ያቺ 6 ቁጥር» ማለት ትጀምራለች፤ የሚጮህ ሕመምተኛ አጠገብ ፊቷ ሳይለወጥ ታልፋለች። ጨካኝ ሆና አይደለም፤ የሚሰማት ነገር ስላለቀባት ነው።

እንዲህ ያለችውን አትገምግሚ። ለአንድ ወር ከከባዱ ክፍል አዛውሪያት፣ ሌሊቱን ቀንሺላት፣ ፈቃዷ ከተከማቸ አስወጫት። የሌሊት ተረኝነትን ለመቋቋም ብሎ ጫት የጀመረ ባልደረባም ይኖርሻል፤ ቀን እንቅልፍ አጥቶ ለሚቀጥለው ሌሊት እንደገና ይቅማል። በቁጣ ሳይሆን በፕሮግራሙ በኩል ግቢበት፤ ተከታታይ ሌሊት ቀንሺለትና ከዚያ አወያዪው። «ብሞት ይሻለኛል» ዓይነት ንግግር ከሰማሽ ግን ነገ አትበዪ። በቀጥታ «ራስሽን ለማጥፋት እያሰብሽ ነው?» ብለሽ ጠይቂ፤ መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም። ብቻዋን አትተያት፣ በዚያው ቀን ወደ አእምሮ ሐኪም አድርሺያት። ወሬው ከሁለታችሁና ከሐኪሙ አይውጣ።

ደረጃ 9፦ ለማኔጅመንት አንድ ገጽ

የመጀመሪያውን ደብተር አሁን አውጪ። «የዕቃ እጥረት አለብን» የሚል ደብዳቤ በየዋርዱ አለ። «በ14 ቀን ውስጥ የደም ግፊት መለኪያ ለመዋስ ይህን ያህል ሰዓት ባክኗል፤ ሁለት መለኪያ ይገዛልን» የሚለው ግን የለም። ከሦስት በላይ ነገር አትጠይቂ። የማስተርጎሙን ቁጥር ከሦስቱ አንዱ አድርጊው። መዝገብ ቤት አስገብተሽ ቁጥር ያዢ፤ መልሱን፣ እምቢታም ቢሆን፣ ለባልደረቦችሽ በዚያው ሳምንት አንብቢላቸው።

ደረጃ 10፦ በሦስተኛው ወር ያንኑ ወረቀት መልሰሽ አስሞዪ

ስምንቱን ዓረፍተ ነገር አንድ ቃል ሳትለውጪ። ውጤቱን ከፊተኛው ጎን ለጎን አድርገሽ ለሁሉም አሳዪ፣ የባሰበትን ጭምር። አንዳንዱ ይብሳል፤ እኔ ጋ «ስሳሳት ሳልዋረድ እታረማለሁ» የሚለው ላይ 1 እና 2 የሞሉት ከሦስት ወደ አምስት ከፍ ብለው ነበር፤ ሰዉ መናገር ስለጀመረ ይሁን እኔው ስለከፋሁ ለማወቅ እንደገና ከኒሙ ሥር መቀመጥ ነበረብኝ። ያን ጊዜ ከአራቱ ጥያቄ ይልቅ ስለዚያች አንዲት መስመር ብቻ ጠየቅሁ። የሰማሁት የጠዋቱን ርክክብ ነው፦ የሌሊቱን ተረኛ፣ ደክሞት ሊወጣ ሲል፣ በተማሪዎች ፊት ነበር የምጠይቀው። ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ተማሪዎቹ ከርክክቡ ሩብ ሰዓት ዘግይተው እንዲገቡ አደረግሁ።